የስለቱ መጋረጃ ወርዷል

ዋሻ ሚካኤል፣ ገነተ ማርያም አጠገብ
ሰኔ 23

ውድ እታለም ጽጌማርያም፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በእሱ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ። ያንቺን ጤናም አልጠይቅም። በሰው ፊት እኔን ለመራገም የሚበቃ ጉልበት እንዳለሽ ሰምቻለሁ፤ ይህ ይበቃኛል። የምጠይቅሽ ስለ ፅናት ነው። ትኩሳቱ በረደላት ወይ? እህል ቀመሰች ወይ? ስልኬን ስለዘጋሽብኝ የእህቴን ልጅ ጤና ከሾፌር አፍ እየለቀምኩ ነው። ይህንንም አልረሳልሽም።

ሙሉሰው መልእክትሽን አድርሶልኛል። ሐሙስ ዕለት ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ ፅናትን በጋቢ ጠቅልለሽ ሐኪም ቤት ልታደርሻት የወልድያ መኪና ስትጠብቂ፣ ወደ እኛ የሚመጣውን ሚኒባሱን አስቁመሽ «ለእህቴ ለመነን ንገራት፤ ስለቴን አወረደች፣ ልጄ ወደቀች። ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ገዳይዋ እሷ ናት» አልሽው አሉ። ሰው የሞላበት ሚኒባስ! ምስኪኑ ሙሉሰው እንዴት ብሎ እንደሚነግረኝ ጠፍቶት ደጄ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆየ። ከተሳፋሪው ግማሹ የላሊበላ ሰው ነበር፤ ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ሰማው። ደግ አደረግሽ። እንግዲያው ከተማው አንቺን የሰማሽን ያህል አንቺም እኔን ስሚኝ። ሙሉሰው ነገ ወልድያ ይወርዳል፤ ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ በሚካኤል ስም ገዝቼዋለሁ።

አዎ፣ መጋረጃሽን ያወረድኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ ምስማሩን በጉጠት እየነቀልኩ። ምስክር አትፈልጊ፣ ማንንም አትጠርጥሪ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር በላይ ያለውን ስንጥቅ ቀና ብለን እያየን ነው ያደግነው። የሌሊት ወፎቹ ከእኛም ከአያታችንም በፊት እዚያ ነበሩ። ኩሳቸው በሩ ላይ ይወርዳል፣ የግድግዳውን ሥዕል ያበላሻል፣ ይሸታል፤ ይህን አልክድም። በየዓመቱ የሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ጎረምሶቹ ከስንጥቁ ሥር በርበሬ ያጨሱ ነበር። ወፎቹ ለሁለት ቀን ይጠፋሉ፣ ካህናቱ ማኅሌቱን ሙሉ ሲያስሉ ያድራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ወፎቹ ተመልሰው ይገባሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር ያው ነበር።

ቱሪስቱ ጠፍቶ የአስጎብኚነት መታወቂያዬን ሳጥን ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው ኢክሪማ የመጣው። የደሴ ልጅ ነው፤ የሌሊት ወፍ ያጠናል። መጀመሪያ መንገድ እንዳሳየው ቀጠረኝ፤ እያደር ወፎቹን መጠበቅና ሕዝቡን ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። አንቺ ይህን ስትሰሚ «ከፈረንጅ አስጎብኚነት ወደ ወፍ እረኝነት!» ብለሽ ደንበኞችሽ ፊት ተሳለቅሽብኝ። ቄሰ ገበዝ ሰይፈ ሥላሴን አስፈቅደን ከሽማግሌዎቹ ጋር አራት ጊዜ ተቀመጥን። ኢክሪማ እስላም ስለሆነ ማንም ሳይነግረው በራሱ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እሱን ለመስማት ብለው ወደ ውጭ ወጡለት። እንዲህ ተከባብረን ነው የተነጋገርነው፤ አንቺ በአንድ ቀን ዕልልታ የናድሽው ይህንን ነው።

ከስንጥቁ ሥር ሸራ ዘረጋን። ኩሱ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሽንኩርት የሚያለሙት አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው እየወሰዱ ማሳቸው ላይ ይበትኑታል። ተምች የሚፈለፍለውን የእሳት እራት ወፎቹ ማታ ማታ እንደሚለቅሙት ኢክሪማ ሲያስረዳ፣ ባለፈው ክረምት ገብሷን ተምች የጨረሰባት ሁሉ ጆሮዋን አቆመች። ስምምነቱም ግልጽ ነበር። ወፎቹ በግንቦት ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹ መብረር እስኪለምዱ ማንም አይነካቸውም። በጥቅምት፣ ሁሉም መብረር ሲችል፣ ከገደሉ ማዶ ማደሪያ ተሠርቶላቸው፣ መውጣት እንጂ መመለስ የማያስችል መረብ ስንጥቁ ላይ ይሰቀላል። ቄሰ ገበዝ «ታቦት ተጠግተው የኖሩ ፍጥረት ናቸው፤ ሲሄዱም በሰላም ይሂዱ» ብለው ባረኩት። በቃ፣ አራት ወር ነበር የቀረው። አራት ወር መታገሥ አቃተሽ!

የእኔም እጅ አለበት፤ ልናገረው። በሚያዝያ ደውለሽ «ለመሆኑ ያ ስንጥቅ ስንት ክንድ ይሆናል?» አልሽኝ። ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም ነበርና ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ከኢክሪማ ጋር የለካንበትን ደብተር አውጥቼ «ቁመቱ ሁለት ክንድ ከስንዝር፣ ወርዱ አምስት ክንድ» ብዬ አነበብኩልሽ። ጭራሽ «ቀኝ በኩል ሰፋ ይላል» ብዬ ጨመርኩልሽ። ሞኟ እኔ! እህቴ ሥራዬን ማክበር ጀመረች ብዬ ያን ቀን ስስቅ ዋልኩ። አንቺ ለካ ከፈይ ልታስቆርጪ ነው።

ሰኔ 12 በዕልልታ ገባሽ። ቀይ ከፈይ፣ ሚካኤል በወርቃማ ክር የተጠለፈበት፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት። ፅናት ጀርባሽ ላይ ሆና የካህኑን ጥላ ዘርፍ ለመያዝ ስትንጠራራ ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም። አራት ጊዜ አስወርዶሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለምነሽ ያገኘሻትን ልጅ ይዘሽ ስለት ስታገቢ ማን አያለቅስም? መጋረጃው ለመቅደሱ መስሎኝ ነበር። ቄሰ ገበዝም እንደዚያው መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ሊቀበሉሽ ሲሉ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ቦታው ከበሩ በላይ ነው! ያንን ጉድጓድ ሊሸፍን ነው የተሳልኩት» አልሽ።

አናጢዎች ይዘሽ መጥተሽ ነበር። ዕልልታው ሳያባራ ግራ ቀኙን በጣውላ መቱት፤ ላይና ታቹን በምስማር አያያዙት። ስለት እንዴት እምቢ ይባላል? ያውም በንግሥ ቀን፣ በሕዝብ ፊት? ቄሰ ገበዝ የዘረጉትን እጃቸውን ሲሰበስቡ አይቻቸዋለሁ። አንቺም ከሰው መሀል ፈልገሽ አየሽኝ። ዓይን ለዓይን ስንገጥም ፈገግ አልሽ። ያች ፈገግታሽ እስካሁን ስትታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

ጊዜው ቀን ስለነበር ሁሉም ውስጥ ነበሩ፤ እናቶቹም ግልገሎቹም።

በማግስቱ ጠዋት በቄሰ ገበዝ ስልክ ደወልንልሽ። እሳቸው እንዴት ባለ ትሕትና እንደለመኑሽ ታስታውሻለሽ?

«ልጄ፣ ስለትሽ ደርሷል፤ ሚካኤል ተቀብሎሻል። አሁን ወደ ውስጥ ይግባ ብለሽ አንድ ቃል ብትናገሪ ይበቃናል። ሰጪዋ ስትፈቅድ ነው እንጂ እኔ በራሴ ባነሳው ስለት ደፈረ እባላለሁ።»

«አባ፣ ቦታውን በአፌ ጠርቼ የተሳልኩትን እንዴት ላዛውረው? ይቅር ይበሉኝ፣ አልልም።»

ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ነውር ነው፤ አውቃለሁ። «እታለም፣ ውስጥ እኮ ግልገሎች አሉ። አንድ ወር እንኳ ያልሞላቸው።»

«ይሙቷ!» አልሽኝ። «እኔ አራቱን ሳጣ ማን ጠየቀኝ? ለወፍ ብለሽ የልጄን ጤና ልታስይዢኝ ነው?»

ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን የሰማሁት በሙሉሰው አፍ ነው።

አንቺ ጋሸና ምግብ ቤትሽ ሆነሽ ትእዛዝ ስትቀበዪ እኔ እዚህ ምን ስሰማ እንደዋልኩ ልንገርሽ። ዓርብ ጩኸታቸው እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር። አመሻሹ ላይ፣ ለምግብ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከፈዩ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመታ ይርገበገብ ጀመር። የጠለፍሽው ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አንዳንዱ ተአምር ነው ብሎ ተሳለመ። እማማ አለሜ ደግሞ ከሥሩ ተቀምጠው «እሰይ! እሰይ! ይበላቸው» ይላሉ። ቅዳሜ ድምፁ ቀነሰ። ኢክሪማ ወይራው ሥር ተቀምጦ እጁን እያፍተለተለ «የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ነው መነን፣ እኔ ምን እናገራለሁ?» ብቻ ይላል። እናቲቱ ሳትበላ ከቀረች ወተቷ እንደሚደርቅ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ፍጥረት ሁለት ሦስት ቀን ካለፋት እንደማትተርፍ ነግሮኝ ነበር። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ላይ ቆሜ ጆሮዬ ያለው ከስንጥቁ ዘንድ ነበር። ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

ሕዝቡ ሲበተን ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ መጡና «መሰላሉ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ነው» አሉኝ።

«ምን ላድርገው አባ?»

«እኔ እንጃ። ክረምቱ ገብቷል፤ ጣሪያ የሚያይ ሰው ቢገኝ ብዬ ነው።»

ገባኝ። መሰላሉን ጎትቼ አምጥቼ አቆምኩት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙልኝ። «እኔ መሰላል ነው የያዝኩት፤ ሌላ ያየሁት ነገር የለም» አሉ። ሴት ልጅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መሰላል ላይ! እናታችን ብታየኝ በአለንጋ ነበር የምታወርደኝ።

የመጀመሪያውን ጣውላ ስነቅል ሽታው ፊቴን መታኝ። ከፈዩ አንድ ጎኑ ተገለበጠ። እታለም፣ ጀርባውን አላየሽውም። ግልገሎቹ እናታቸው የመሰላቸው ይመስል የጥልፉን ክር በጥፍራቸው ይዘው እንደተንጠለጠሉ ደርቀው ነበር። ሚካኤል በተጠለፈበት ቦታ ሁሉ፣ በክንፉም በሰይፉም ላይ። አንድ በአንድ ከክሩ እያላቀቅኩ ሸራው ላይ አወረድኳቸው። እንደ አውራ ጣቴ ያክላሉ። አለቀስኩ፤ ሰደብኩሽም። ቄሰ ገበዝ ስድቤን እንዳይሰሙ ዳዊቱን ጮክ ብለው ደገሙት።

ሲመሽ የተረፉት መውጣት ጀመሩ። ድሮ ሲወጡ ታስታውሻለሽ አይደል፣ ሰማዩን ጥቁር አድርገው ነበር። አሁን አንድ፣ ሁለት፣ ደግሞ ቆየት ብሎ አንድ። አንዳንዱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይወድቃል። አንዷ ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጥታ ወይራውን እንኳ መሻገር አቅቷት ወደቀች፤ ተነሳች፤ እንደገና ወደቀች። ኢክሪማ ጓንቱን አድርጎ አንስቶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጣት። በግንቦት ስንቆጥር ስድስት መቶ አርባ ነበሩ፤ ያን ማታ የወጡት ሦስት መቶ አይሞሉም። ግልገሎቹን አልቆጠርናቸውም። ኢክሪማ ሊቆጥር ጀምሮ ደብተሩን ዘጋው።

ሰበካ ጉባኤው ጠርቶ ጠየቀኝ። «ማን ረዳሽ?» ሲሉኝ «ማንም» አልኩ። ሰባት እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እንዳስቀድስ ፈረዱብኝ። ተቀበልኩ። መጋረጃሽን አጥቤ፣ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ ለዕቃ ቤቱ አስረክቤያለሁ፤ አንዲት ክር አልጎደለችም። ስንጥቁን ግን ማንም አልደፈነውም፤ ቄሰ ገበዝ «እስከ ጥቅምት ያልነው እስከ ጥቅምት ነው» ብለዋል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ ነው፤ ታርቄሽ አይደለም። አራተኛው የወረደብሽ ጊዜ፣ እማማ አለሜ መጥተው «የዋሻው ወፎች ናቸው ልጆችሽን ከሆድሽ የሚወስዱት፤ ነፍሰ ጡር ሆነሽ ከሥራቸው አልፈሻል» ብለውሽ ነበር። ማታ ጆሮዬ ላይ ሹክ ብለሽ ነገርሽኝ። እኔ ምን አልኩ? ሳቅኩ። «ሚካኤል በሌሊት ወፍ ይታዘዛል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩብሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ነገር ተናግረሽኝ አታውቂም። ያን ማታ አጠገብሽ ተኝቼ «አይደለም እታለም፣ ወፍ ልጅ አይወስድም፣ ነይ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» ብልሽ ኖሮ ዛሬ ይህን ወረቀት አልጽፍም ነበር። አራቱን ሳጣ ማን ጠየቀኝ አልሽ። እኔ ለብቻዬ አልቅሻለሁ፤ አንቺ ዘንድ መጥቼ ግን አላለቀስኩም። ይህ በደሌ ነው፤ እቀበላለሁ።

ያንቺ በደል ግን ከእኔ ይበልጣል፤ አትሸወጂ! አለሜ ያወሩትን ፍርሃት ይህን ሁሉ ዓመት ጡት አጥብተሽ አሳደግሽው። ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ ከዚህ አገር ሴት ሁሉ አንቺ ታውቂያለሽ። እያወቅሽ እናትን ከነልጇ ቸንክረሽ ዘጋሽ፤ ያውም በሚካኤል ስም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ደግሞ የፅናት ትኩሳት ከመጋረጃው ነው ትያለሽ። ሙሉሰው እንደነገረኝ አንቺ ሰፈር ሌሎች ሦስት ልጆችም ያው ትኩሳት ይዟቸዋል። የእነሱስ ስለት ከየት ወረደ? ንገሪኝ እስቲ! መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጫት፤ ከአልጋዋ ሥር ክታብ የሚያስቀምጥ ከመጣ አባሪው።

ይህን ሁሉ አፌን ሞልቼ ጻፍኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ነው። እፈራለሁ እታለም። ልክ እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ ልክ ሠርቼስ ልጅቷ ብትሞት? «መኒ» እያለች ጸጉሬን የምትጎትተው ልጅ። ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም፤ ሳላስበው ቤት ውስጥ ስሟን እጠራለሁ።

ስለዚህ ትናንት እሑድ፣ ከቅጥሩ ውጭ ከተቀጣሁበት ቦታ ቆሜ፣ እኔም ተሳልኩ። ጥላም ምንጣፍም አልተሳልኩም። «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ፅናትን ካስነሳህልኝ፣ በጋሸና ገበያ ቀን ድንጋይ ተሸክሜ ከመገንጠያው እስከ እህቴ ምግብ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩት። ቦታውን ጠርቼ፣ እንደ አንቺው በአፌ ተናግሬ፤ ማዛወር የለም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። በምድር ላይ እግሯ ላይ ልወድቅላት የማልፈልግ አንዲት ሴት ብትኖር ዛሬ አንቺ ነሽ። ይኸው አሁን ቀን ከሌት የምለምነው ያንኑ እንዳደርግ ነው።

ድንጋዩን ስሸከም ወፎቹን ስላወጣሁ የተጸጸትኩ እንዳይመስልሽ። ነገም ብትዘጊባቸው መሰላሉን እወጣለሁ። ይቅርታዬ ስለዚያ ማታ ሳቄ ነው፤ ለእሱ ማንኛውም ድንጋይ አይበዛብኝም። አንቺ ደንበኞችሽን ሰብስበሽ በረንዳው ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ፤ እንደልብሽ ሳቂብኝ፤ ቶሎ ተነሺ እንዳትዪኝ።

ብቻ ልጅቷን አድነሽ ተመለሽና አዋርጂኝ።

እህትሽ
መነን